ዓለም የሰገደለት ሲሰግድ፦ ሥልጣንና ትሕትና በጎንደር ሥዕል

የጎንደር ነገሥታት ዘውድ ሲደፉ ይቀበሉት የነበረው ስመ መንግሥት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ያበቃ ነበር። ቃሉም «ሰገድ» ነው። ዐፄ ፋሲል «ዓለም ሰገድ»፣ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ «አእላፍ ሰገድ»፣ የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ ደግሞ «አድያም ሰገድ» ተብለዋል። የመጀመሪያው ዓለም የሰገደለት፣ ሁለተኛው እልፍ አእላፍ የሰገዱለት፣ ሦስተኛው አውራጃዎች ሁሉ የሰገዱለት ማለት ነው። ይሁንና በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቤተ መንግሥት ትእዛዝና ወጪ በተሠሩት ሥዕሎች ላይ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። በብራናም ሆነ በመቅደስ ግድግዳ ላይ ባለዘውዱ ሰው ከሁሉ በታች፣ መሬት ላይ ተደፍቶ ይገኛል። ስሙ ዓለም ሰገደለት ሲል ሥዕሉ እርሱ ሰገደ ይላል። ከሁለቱ የትኛው ነው እውነት?

ጥያቄው የታሪክ ተመራማሪን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በባለሥልጣንና በኪነ ጥበብ ሰው መካከል ያለው ግንኙነት ምን መምሰል አለበት የሚለውን የሥነ ምግባር ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። በገዥ ገንዘብ የተሠራ ሥዕል ስለ ገዥው እውነት ሊናገር ይችላልን? ዝቅ ብሎ እንዲሣል ያዘዘ ሰው ትሑት ነው ወይስ ትሕትናን እንደ ካባ የደረበ? ለዚህ መልስ ከመፈለግ በፊት ሥዕሎቹን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ከጎንደር በስተደቡብ፣ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የቋራ ተወላጅዋ ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። በ1730 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካፋ ሲያርፉና ሕፃኑ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ፣ እርሳቸውም «ብርሃን ሞገሳ» ተብለው ዘውድ ደፉ፤ ከልጃቸውም ጋር አገር አስተዳደሩ። በናርጋ መቅደስ ግድግዳ ላይ ድንግል ማርያም ልጇን ታቅፋ በግርማ ተሥላለች። ከእግሯ ሥር፣ በሥዕሉ ግርጌ፣ እቴጌይቱ ተደፍተው ይታያሉ። ማርያም ትልቅ፣ እቴጌይቱ ትንሽ ናቸው። በጎንደር አንድም ሰው ቀና ብሎ በድፍረት ያላያቸው ንግሥት በገዛ ትእዛዛቸው የእግር ሥር ሰው ሆነዋል።

ምሳሌው አንድ ብቻ አይደለም። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም፣ ከንጉሣዊው ቤተ ሰብ የነበረችው መለኮታዊት በተመሳሳይ ሁኔታ ተሥላለች። በተአምረ ማርያምና በመሳሰሉት የብራና መጻሕፍትም መጽሐፉን ያጻፈው ሰው በሥዕሉ ጥግ ሰግዶ ይታያል። ከጎኑም «ተማኅፀነ» የሚል ቃል ያለበት አጭር ጽሑፍ ይሰፍራል፤ እገሌ ጥበቃን ለመነ፣ ተማፀነ ለማለት ነው። ሠዓሊው ለዚህ የሚጠቀምበት ሥርዓትም የታወቀ ነው። የተቀደሰው አካል ይተልቃል፤ ለማኙ ያንሳል። ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ሲያዞሩ ክፉዎች በአንድ ጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። የብርሃን ክበብም ብዙውን ጊዜ የቅዱሳን እንጂ በሕይወት ያለ ባለዘውድ ድርሻ አይደለም።

በጎንደር ዘመን ሥዕል ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ስልቶች ይለያሉ። ከ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የታየው የመጀመሪያው ስልት ቀለሙ ደማቅ፣ መስመሩ ግልጽ፣ መደቡም ያልተጨናነቀ ነው። በምንትዋብ ዘመን የጎለበተው ሁለተኛው ስልት ግን ፊትን በብርሃንና በጥላ ያሞላል፤ መደቡን ያጠቁራል፤ ልብስን በጥልፍና በአበባ ያስጌጣል። የስግደቱ ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የሰጋጁ አካል ቢያንስም ልብሱ አላነሰም። ሠዓሊው ብሩሹን በትዕግሥት ያሳረፈበት፣ ተመልካችም ሳያስተውለው የማያልፈው፣ መሬት የነካው ያ የሐር ቀሚስ ነው። የሰገደው ሰው የሰገደው ማን መሆኑ እንዲታወቅ ሆኖ ነው።

ስለዚህ ስግደቱ ለታይታ ነው የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ትሑት ሰው ትሕትናውን በግድግዳ ላይ አያሥልም፤ ካሣለም ስሙን አያስጽፍም ይላሉ። ለዚህም ከራሳቸው ከመጻሕፍቱ ማስረጃ አለ። አንድ የብራና መጽሐፍ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በቢላዋ አስፍቆ በቦታው የራሱን ማስጻፉ በአገራችን የጽሑፍ ቅርስ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታይ ነገር ነው። ሰጋጁ አልተለወጠም፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ። አንዱ በገዛው ስግደት ሌላው ተማፀነበት። ትሕትና የሚፋቅና የሚተካ ነገር ከሆነ ደግሞ ከቦታና ከማዕርግ በምን ይለያል?

ይህ በብራና ላይ የተደረገው በድንጋይ ላይም ተደርጓል። በሰሜን ደጋ፣ በደረስጌ፣ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥና አስበው የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1855 ግን ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ደፉ። አንዱ ያዘጋጀውን የስግደት ቦታ ሌላው ተረከበው፤ ስሙ ተፋቀ፣ ሥርዓቱ ቀጠለ።

የጎንደሩን ሥዕል በትክክል ለመመዘን በሌላ አገር ከተሠራ የነገሥታት ሥዕል ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ለዚህም ህንድ ቅርብ ናት። በቀይ ባሕር በኩል የህንድ ጨርቅ ወደ ጎንደር ይገባ ነበር። ዐፄ ፋሲልም በ1660ዎቹ ወደ ሙጋሉ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ መልእክተኞች ልከዋል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርንዬ መልእክተኞቹን ዴልሂ ላይ አግኝቶ ስለ ጉዳያቸው ጽፏል። የሙጋል ነገሥታት የሥዕል ክፍል ባለሙያዎች ድንቅ የእጅ ጥበብ የነበራቸው ሲሆኑ፣ ዋነኛ ርእሳቸው ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥና በፊቱ እጅ የሚነሱ ሹማምንት ነበሩ። በዚያ ሥዕል የብርሃን ክበቡ ያለው በንጉሡ ራስ ዙሪያ ነው።

ከ1605 እስከ 1627 የነገሠው የጃሃንጊር ሠዓሊ ቢቺትር የሠራው አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። ጃሃንጊር በአሸዋ ሰዓት ላይ ተቀምጦ፣ ፀሐይና ጨረቃ በአንድነት ከራሱ ጀርባ እያበሩ፣ ለአንድ የሱፊ ሼኽ መጽሐፍ ይሰጣል። የኦቶማን ሱልጣንና የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ከሼኹ በታች ቆመዋል። ከሁሉም በታች ሠዓሊው ራሱ ይታያል፤ በእጁ ትንሽ ሥዕል ይዟል፤ በዚያች ትንሽ ሥዕል ውስጥም ራሱ ለንጉሡ ይሰግዳል። ስሙን የጻፈውም በንጉሡ የእግር መርገጫ ላይ ነው። ንጉሡ ከነገሥታት ይልቅ የሃይማኖት አባትን አከበረ የሚለው ይህ ሥዕል በአንድ በኩል የትሕትና ሥዕል ነው። ግን አክባሪው ከተከባሪው ይልቅ እንደሚያበራ ማንም ያየዋል።

ሌላው የጃሃንጊር ሥዕል ለኢትዮጵያውያን በይበልጥ የቀረበ ነው። በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ ህንድ የደረሰውና በአሕመድናጋር መንግሥት የእንደራሴነት ሥልጣን የያዘው ማሊክ አምበር የሙጋልን ጦር ለብዙ ዓመታት መክቶ ነበር። በ1616 ገደማ አቡል ሐሰን የተባለው ሠዓሊ ጃሃንጊር በምድር ሉል ላይ ቆሞ በጦር ጫፍ የተሰካውን የማሊክ አምበርን ራስ በቀስት ሲወጋ ሣለ። እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አልሆነም። ማሊክ አምበር በ1626 ሲሞት በጃሃንጊር እጅ አልወደቀም ነበር። በጦር ሜዳ ያልተገኘው ድል በወረቀት ላይ ተገኘ። ሥዕል ለሥልጣን ሙሉ በሙሉ ሲገዛ ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የጎንደሩ ሥዕል ልዩነት ይገለጣል። የሙጋሉ ሠዓሊ ንጉሡን ሊመኘው ወደሚችለው ከፍታ ሁሉ ሊያወጣው ይችል ነበር። የጎንደሩ ሠዓሊ ግን ከሥርዓቱ ያልወጣ እንደሆነ ንጉሡን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። እቴጌይቱ ልብሱን ማሳመር፣ ስማቸውን ማስጻፍ፣ ቀለሙን ማስወደድ ይችላሉ፤ በማርያም ቦታ መቀመጥ ግን አይችሉም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ንጉሥ ዝቅ ብሎ የሚታይበት፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ቆሞ የሚያነበው አንድ ሰነድ ቢኖር ይህ ሥዕል ነበር።

ከዚህ በመነሣት ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ስግደቱ ከልብ መሆን አለመሆኑን ሥዕሉ አይነግረንም፤ ሊነግረንም አይችልም። ነገር ግን ከልብ ያልሆነ ስግደትም በአደባባይ የተሰጠ ቃል ነው። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ» ይላሉ። ቃል የሚያስረው ተናጋሪው ስላመነበት አይደለም፤ ሰው ስለሰማው ነው። እንደዚሁም «ከእኔ በላይ አለ» ብሎ በግድግዳ ላይ ያሠፈረ ገዥ፣ ያን ያለው ለታይታ ቢሆን እንኳ፣ በሌላ ቀን ከእኔ በላይ የለም ሲል ግድግዳው ይመሰክርበታል። ግብዝነት ለደግ ሥራ ዋስ ባይሆንም ለክፉ ሥራ ምስክር ይሆናል። የሥዕሉ ሥነ ምግባራዊ ዋጋም በአሣዪው ልብ ውስጥ ሳይሆን በተመልካቹ እጅ ውስጥ ነው።

ሆኖም ይህ መልስ በራሱ ሙሉ አይደለም፤ ሥዕሉ ያላሣያቸው አሉና። ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብሎ ያሠሩት የቁስቋም ማርያም ደብር በጉልት መሬት የበለጸገ ነበር። ጉልት ማለት ደግሞ የገበሬው ግብር ማለት ነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችና በጎች ቆዳ ይፋቃል። ቤተ መንግሥቱን ካነጹት ግንበኞችና የእጅ ባለሙያዎች መካከል ቤተ እስራኤል ይገኙበታል፤ ያ ኅብረተሰብ ግን ሥራው እየተፈለገ ሠሪው «ቡዳ» እየተባለ የሚናቅበት ነበር። ፍየሉን የሰጠው፣ ድንጋዩን የጠረበው፣ ቀለሙን የፈጨው በስግደቱ ሥዕል ውስጥ የለም። ሠዓሊው እንኳ ሥዕሉን ሠርቶ ስሙን ሳይጽፍ አልፏል። ገዥው ወደ ሰማይ ሲሰግድ ጀርባውን የሰጠው ለእነዚህ ነው።

ወደ ላይ ብቻ የሚደረግ ስግደት ሊያመልጥ የሚፈልገውም ይህን ነው። ለሰማይ ዕዳ መክፈል ለገባር ዕዳ ከመክፈል ይቀላል፤ ሰማይ ሒሳቡን በዚያው ቀን አይጠይቅምና። እንግዲህ የእውነተኛ ትሕትና መለኪያ ማን በላይ እንዳለ ማመን ብቻ ሳይሆን በታች ላለው መልስ መስጠት ነው። የጎንደር ሥዕል የመጀመሪያውን ግማሽ በድንቅ ሁኔታ ተናግሯል፤ ሁለተኛውን ግማሽ ለተመልካቹ ትቶታል።

ታሪክም ይህን የጎደለ ግማሽ እየደጋገመ አሳይቷል። በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል የምንትዋብን የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስን አስገደሉ። አሮጊቷ እቴጌ ይህን በዐይናቸው አይተው በ1773 አረፉ። ከዚያ በኋላ በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ግንብ ውስጥ የሚቀመጡት ነገሥታት ስማቸው እንጂ ሥልጣናቸው አልነበረም፤ እጅ ይነሳላቸዋል፣ አይታዘዙም። ከስግደት ውስጥ ሥልጣን ሲወጣ የቀረው ባዶ ሥርዓት ነበር። ቴዎድሮስ ይህን ባዶነት ሊሞሉ ተነሡ፤ ነገር ግን የአንድነቱ ባለራእይ ራሳቸው በ1866 ጎንደርን አስዘረፉ፣ አቃጠሉም። አብያተ ክርስቲያናቱ ሲነዱ ነገሥታት የሰገዱባቸው ግድግዳዎችም አብረው ነደዱ። በ1888 ደርቡሾች ከእሳት የተረፈውን እንደገና አቃጠሉት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ከእሳት የተረፈውም ከዘረፋ አልተረፈም። ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌሎች ቦታዎች ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት በ1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ፤ 350 ያህሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ምንትዋብና ልጃቸው ለቁስቋም ማርያም እንደሰጡት የሚታመነው የወርቅ ዘውድ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በ1932 የፈረንሳዊው የማርሴል ግሪዮል ቡድን በጎንደር ዐፄ ዮሐንስ ያሠሩት የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ከግድግዳው አስነሥቶ በምትካቸው ቅጂ አስለጠፈ፤ ዋናዎቹ ፓሪስ ናቸው። «አእላፍ ሰገድ» የተባሉት ንጉሥ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉን አጥቶ ምስሉን ታቀፈ።

በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለ የስግደት ሥዕል ውበቱን አያጣም፤ ምስክርነቱን ግን ያጣል። ምስክር የሚሆነው ቃሉ በተሰጠበት አገር፣ ቃሉን በሰሙት ሰዎች ልጆች ፊት ሲቆም ነው። የጎንደር ተማሪ የአገሩ ገዥዎች እንዴት ሰግደው እንደተሣሉ ለማየት ባሕር መሻገር ካለበት ሰነዱ ከዳኛው ተለይቷል ማለት ነው። በ1872 እንግሊዞች አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መመለሳቸው የተወሰደው ሊመለስ እንደሚችል ያሳያል። ስለዚህ የቅርስ ማስመለስ ጥያቄ የኩራት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ጨዋታ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ግድግዳ የመሪ ምስል ማኖሪያ ሆነ። በንጉሡ ዘመን የንጉሡ፣ ከ1974 በኋላም ተከትለው የመጡት መሪዎች ምስል ተሰቀለ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው በዚያው ምስማር ላይ ዋለ። በብራናው ላይ ስም በቢላዋ እንደሚፋቅ ሁሉ በግድግዳውም ላይ ፊት ይለወጣል። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። በናርጋ ግድግዳ ባለሥልጣኗ ከታች ነበሩ፤ በቢሮው ግድግዳ ባለሥልጣኑ ከላይ ነው፤ የሚሰግደው ደግሞ ከበታቹ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። የስግደቱ አቅጣጫ ከጎንደር ወደ ጃሃንጊር ቤተ መንግሥት ዞሯል።

የኪነ ጥበብ ሰው በዚህ መካከል ያለው ኃላፊነት ከሥልጣን መሸሽ አይደለም። ስማቸውን ያልጻፉት የጎንደር ሠዓልያን ከቤተ መንግሥት ወርቅ ተቀብለዋል፤ የታዘዙትንም ሠርተዋል። ነገር ግን ለባለወርቁ ሊሰጡት የማይችሉት አንድ ቦታ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ያንን ቦታ አልሸጡም። አቡል ሐሰን በችሎታው ከማንም ባያንስም ያልተገኘ ድል ሸጧል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የችሎታ ሳይሆን የወሰን ርቀት ነው። የኪነ ጥበብ ሰው ነፃነት የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ አላልፍም ከሚልበት መስመር ነው።

የመምህሩም ሆነ በኃላፊነት ላይ ያለው ሰው ድርሻ ሥዕሉን ማንበብና ማስነበብ ነው። በማንኛውም የገዥ ሥዕል ፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል፦ ማን ለማን ይሰግዳል? ዋጋውን ማን ከፈለ? ከሥዕሉ ውስጥ የጎደለው ማን ነው? ተማሪው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ፊት መጠየቅ ከለመደ በቢሮ ግድግዳ ፊትም ይጠይቃቸዋል። ዓለም ሰገደልኝ የሚል ስም የያዘ ሁሉ የሰገደበት ሥዕል አንድ ቦታ አለ፤ ሥዕሉ ባይኖርም ሲሾም የገባው ቃል አለ። ሕዝብ ያንን ቃል እስካስታወሰ ድረስ ስሙ ሳይሆን ስግደቱ እውነት ይሆናል።